ያልተሠራ ቱቦ የሰረቅሁ ሰው

ሌባ አሉኝ። በደሉ ይኸው ነው። ሰረቀ የተባልሁት ሦስት መቶ አርባ ሜትር የውሃ ቱቦ ነው። ያ ቱቦ ተሠርቶ አያውቅም። ማሽን አልተፋውም፣ ሰው አላየውም፣ ጠብታ ውሃ አላለፈበትም። የነበረው ወረቀት ላይ ብቻ ነው። እኔ ደግሞ ያኔ ማንበብ አልችልም። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀት ላይ ያለ ቱቦ እንዴት አድርጎ እንደሚሰርቅ እስከ ዛሬ ያስረዳኝ የለም።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ ሸሕዲም በሚሏት በገንዳ ውሃ ነው። የአምራቾች ማኅበር ነበረን፤ ማኅበሩም ወርክሾፕ፣ ወርክሾፑም አንድ ማሽን ነበረው። ማሽኑን ያመጣው የሱዳን ነጋዴ ግርግሩ ሲመጣ እሱ ሄደ፣ ማሽኑ ቀረ። ኋላ ኢንጂነር መጥቶ «ኤክስትሩደር» እስኪለው ድረስ እኛ ሥጋ መፍጫው ነበር የምንለው። የሥጋ መፍጫ ያየ ሰው አይቶታል። ከመሬት የታሰረ ወፍራም የብረት ሲሊንደር አለ፤ በሲሊንደሩ ሆድ ውስጥ ክንድ የሚያህል ጥምዝምዝ ስክሩ ይዞራል። ከላይ በጉሮሮው የተከተፈ አሮጌ ጀሪካን ትጨምርበታለህ። ሲሊንደሩ በጀኔሬተር መብራት ይግላል፣ ጀሪካኑ ይቀልጣል፣ ስክሩ ይነዳዋል፣ በአፉ በኩል ጥቁር ቱቦ ሆኖ ይወጣል። ቱቦው ለሰሊጥ ሠራተኞች ሠፈር ውሃ መሳቢያ ነበር የሚሄድ።

ማሽኑን የሚያሠራው እኔ ነበርሁ። ለምን እኔን እንደመረጡ ልንገራችሁ። ከዚያ በፊት መተማ፣ በግመል የሚዞር የዘይት መጭመቂያ ቤት ነበርሁ። ግመሏ ትዞራለች፣ እኔም ከኋላዋ እዞራለሁ። ዘጠኝ ዓመት ዞርሁ፤ የትም አልደረስሁም። ማኅበሩ ሠራተኛ ሲፈልግ «ይኸ ሰውዬ የሚዞር ነገር ያውቃል» ብለው ማሽኑን ሰጡኝ።

ከግመሏ ዘንድ የተማርሁት አንድ ነገር ነው፤ የሚዞር ነገር ሁሉ ዘይት ይፈልጋል። ስለዚህ ጠዋት ማሽኑን ሳስነሳ አንድ ጣሳ የሰሊጥ ዘይት በጉሮሮው አጠጣዋለሁ። ምሳ ሰዓት ላይ ደግሞ ግማሽ ጣሳ። ያዘዘኝ የለም፣ የከለከለኝም የለም። ሰሊጥ አገር ውስጥ ዘይት አታፍስ የሚል ሰው ከየት ይመጣል? የጋሪ እንዝርት በሰሊጥ ዘይት ነው፣ የበር ማጠፊያ በሰሊጥ ዘይት ነው፣ የሚስቴም ጉልበት ሲያማት በሰሊጥ ዘይት ነው። ማሽኑ ሲግል ሠፈሩ በሙሉ ጣዕሚያ፣ ያ የሱዳኖች የሽምብራ ጥብስ፣ የሚጠበስበት ይመስላል። ከጎጃም ለአጨዳ የወረዱ ሠራተኞች በሩ ላይ ይደረደሩና፦

«ትኩስ አለ፣ ጋሼ?» ይሉኛል።

«አለ። ግን ጀሪካን ነው» እላቸዋለሁ።

አንዱማ አላመነኝም። ቀምሶ ነው የሄደ።

በ1973 ጥቅምት ላይ ኢንጂነሩ መጣ። ከአዲስ አበባ ነው፤ ቀጭን፣ ባለ መነጽር፣ የሱሪው እግር እኔንና እሱን አንድ ላይ የሚያስገባ። በማሽኑ ላይ ጥናት እንደሚያደርግ የሚናገር ደብዳቤ ይዟል። የማኅበሩ ሊቀመንበር ደብዳቤውን አየ፣ ማኅተሙን አየ፣ ከዚያ እኔን ጠርቶ «ጓድ ኢንጂነር የሚጠይቅህን ሁሉ መልስ» አለኝ።

«ጋሼ» አለኝ ኢንጂነሩ፣ «እዚህ ሲሊንደር ውስጥ ምን እንደሚካሄድ ያውቃሉ?»

«ይቀልጣል። ይወጣል።»

«እሱማ ልክ ነው። ግን እንዴት ነው የሚፈሰው?»

«እንደፈለገ።»

ሳቀ። ልጁ ክፉ አልነበረም፤ በደሉን ያመጣው ክፋት ቢሆን ኖሮ ይሻለኝ ነበር። ደብተሩን ከፈተና አጠገቤ ጀሪካን ላይ ተቀመጠ።

«በሒሳብ እንየው። ስክሩ ቆሟል እንበል።»

«ስክሩማ ይዞራል።»

«ይዞራል። ግን ቆሟል እንበል። የሚዞረው ሲሊንደሩ ነው እንበል።»

«ሲሊንደሩ በአራት ብሎን ከመሬት ታስሯል! እኔው ነኝ ያሰርሁት!»

«አውቃለሁ፣ ጋሼ። ለሒሳቡ ነው። ማን ዞረ፣ ማን ቆመ፣ ለሒሳቡ ለውጥ የለውም።»

«ለግመሏ ለውጥ አለው» አልሁት።

የደብተሩን ገጽ ገለጠ። «አሁን ደግሞ የስክሩን ጥምዝምዝ እንፍታውና ቀጥ ያለ ረጅም ቦይ ነው እንበል።»

«ከፈታኸው በኋላ ትመልሰዋለህ?»

«ምኑን?»

«ስክሩን ነዋ። ስትጨርስ እንደነበረው ጠምዝዘህ ነው ወይ የምትሄደው? ነገ ሥራ አለብኝ።»

በወረቀት ብቻ እንደሚፈታው ማለልኝ። እኔ ግን ያን ቀን እስኪመሽ ከስክሩ አልራቅሁም።

እውነቱን ለመናገር አንዱን ነገር በደንብ አስረድቶኛል። ቅላጩ፣ የቀለጠው ጀሪካን ማለቱ ነው፣ ሲሊንደሩ ውስጥ ሁለት ዓይነት ጉዞ አለው አለኝ። አንደኛው ወደ ፊት የሚጎተተው ነው። ሁለተኛው፣ የማሽኑ አፍ ጠባብ ስለሆነ ታፍኖ ወደ ኋላ የሚመለሰው ነው። የሚወጣው ቱቦ፣ ከተጎተተው ላይ የተመለሰው ሲቀነስ ነው። «ሸሕዲ አውቶቡስ ሲጭን አይተዋል?» አለኝ። «ረዳቱ ሰዉን እየጎተተ ወደ በሩ ያመጣል፤ በሩ ጠባብ ነው፤ ፊት ያለው ሲታፈን ወደ ኋላ ይገፋል። ስንት ሰው እንደገባ ለማወቅ ሁለቱንም ማስላት አለብን።»

ይህን ወዲያው ተረዳሁ። ሸሕዲ ላይ ሁለት ጊዜ ተጎትቼ ሁለት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ከዚያ ዝልግልግነቱን እንለካ አለ። ቅላጩ ምን ያህል ወፍራም እንደሆነ ማለቱ ነው። ከማሽኑ አፍ በጣሳ ቀዳሁለት። ትንሽ የብረት ኳስ ከላይ ለቀቀና ሰዓቱን ይዞ ጠበቀ። ኳሷ ዝቅ አለች። ጠበቀ። ትንሽ ደግሞ ዝቅ አለች። እሱም እኔም፣ በሩ ላይ የቆሙት ሁለት የወሎ ሠራተኞችም ትንፋሻችንን ይዘን ጠበቅን። ጀሪካኑ ጠጠረ፤ ኳሷ መሀል ላይ ቀረች።

«ዝልግልግነቱ ከፍተኛ ነው» ብሎ ጻፈ።

«ይኸን ለማወቅ ነው ዩኒቨርሲቲ የገባኸው?» አለው አንደኛው ወሎዬ።

ሃያ የሥራ ቀን ቆየ። ጠዋት ያሰላል፣ ማታ የወጣውን ቱቦ በሜትር ይለካል። ሒሳቡ በቀን አርባ ሁለት ሜትር መውጣት አለበት አለ። ማሽኑ ሃያ አምስት አወጣ። በማግሥቱም ሃያ አምስት። ልጁ ምግብ አስጠላው። ሒሳቡን ከመጀመሪያው ደግሞ ሠራው፤ አርባ ሁለት። ማሽኑ ሃያ አምስት። በመጨረሻ አሥራ አንድ ገጽ በአማርኛ ጽፎ ለሊቀመንበሩ ሰጠና ሰሊጥ በጫነ ሎሪ ላይ ወጥቶ ጎንደር ሄደ። መጨረሻው ገጽ ላይ «በቀን የአሥራ ሰባት ሜትር ልዩነት አለ፤ የት እንደሚሄድ መጣራት ይኖርበታል» ይላል።

ሊቀመንበሩ ድሮ ልብስ ሰፊ ነበር። ጨርቅ ሲጎድል የት እንደሚሄድ ከራሱ ያውቃል። አሥራ ሰባትን በሃያ ቀን አባዛና ሦስት መቶ አርባ ሜትር ሌባ አገኘ።

እሑድ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ «የኢኮኖሚ አሻጥር» የሚሉት ነገር ነበር፤ ያ ቃል ከተነሣ ሰው ከአጠገብህ ፈቀቅ ይላል። እኔም ግራና ቀኜ ሰፊ ሆነልኝ።

«ጓዶች፣» አለ ሊቀመንበሩ፣ «ሳይንስ አርባ ሁለት ብሏል። ይህ ሰውዬ ሃያ አምስት ያስረክባል። አሥራ ሰባቱን የት አደረስኸው?»

«አልወጣማ!»

«ሳይንስ ወጥቷል ይላል።»

«እንግዲያው ሳይንስ ያምጣው!»

ቤቴ ተፈተሸ። ግቢዬ ተቆፈረ፤ የተገኘው ሚስቴ ጠፋብኝ ያለችው ማንኪያ ነው። ቱቦው ሲታጣ አንድ የኮሚቴ አባል ተነሥቶ ወገቡ ላይ ጠምጥሞ በድንበሩ ድልድይ በኩል ሱዳን፣ ገላባት አሻግሮት ይሆናል አለ። ይሞከር ተባለ። እዚያው በሕዝብ ፊት አቁመው አሥራ ሰባት ሜትር ቱቦ ጠመጠሙብኝ። ከጀሪካን የተሠራ ቱቦ እንደ መቀነት አይታዘዝም፤ እየተፈናጠረ የኮሚቴውን ጸሐፊ መነጽር ጣለው። ሲጨርሱ ክንዴ አይወርድ፣ ጉልበቴ አይታጠፍ፣ በቢሮው በርም አልገባ።

«በል ተራመድ» አሉኝ።

ሦስት እርምጃ ተራምጄ ወደቅሁ። ስወድቅም ተንከባለልሁ። ሕዝቡ ሆዱን ይዞ ሲስቅ ሊቀመንበሩ ወደ ጸሐፊው ዞሮ፦

«መንቀሳቀስ እንደሚችል ተረጋግጧል ብለህ ያዝ» አለው።

ቃለ ጉባኤው ላይ አውራ ጣቴን አስጫኑኝ። ምን እንደሚል አላውቅም። ከማሽኑ አውርደው ፀሐይ ላይ ጀሪካን በገጀራ እንድከትፍ መደቡኝ። በማሽኑ ላይ የሊቀመንበሩን አማች አስቀመጡ። አማችየው ሥራውን አሳዩኝ ብሎ መጣ፤ እኔም ቂም ይዤ ማሽኑን አልበድልም ብዬ ሁሉንም አሳየሁት። ዘይቱን እንዳይረሳ ደግሞ አጥብቄ ነገርሁት። እሱም ሃያ አምስት ሜትር አወጣ። በየቀኑ ሃያ አምስት። ይህን ጊዜ እውነቱ ይወጣል ብዬ ስጠብቅ ሊቀመንበሩ ምን ቢል ጥሩ ነው? «ሌብነቱን አስተምሮት ነው የወረደ!»

ከተማው አላስቀመጠኝም። ገበያ ስወጣ «አንቱ፣ እስቲ ለእኔም ሁለት ሜትር ቁረጡልኝ» የሚል አይጠፋም። ከሁሉ የባሰችው ሚስቴ ናት።

«ሰርቀህስ ከሆነ የእኔ ድርሻ የታለ?» አለችኝ። «ይኸው ውሃ በጀርባዬ ነው የምቀዳ!»

«አልሰረቅሁም እኮ ነው የምልሽ!»

«እሱንማ አውቃለሁ። አንተ ብትሰርቅ ይያዝብሃል።»

«ይኸው ተያዝሁ አይደል?»

«ቱቦውን ይዘው ነው የምልህ።»

ያን ጊዜ ነው ፊደል ልቆጥር የቆረጥሁ። መሠረተ ትምህርቱ ከመጣ ቆይቷል፤ ሥራ አለብኝ እያልሁ እሸሸው ነበር። አሁን ግን ያን አሥራ አንድ ገጽ በገዛ ዓይኔ አንብቤ የትኛው ቃል እንዳዋረደኝ ማወቅ ፈለግሁ። የምታስተምረን የክሊኒኩ ድሬሰር ነበረች። ከክሊኒኩ በቀጥታ ስለምትመጣ የመርፌ ሳጥኗን ጠረጴዛው ላይ ታስቀምጣለች። እኛ ጢማሞቹ ፊደል የሳተ ይወጋል የሚል ፍርሃት አድሮብን በአንድ ዓመት ውስጥ ዳዊት ደጋሚ አከልን። የሚወጋ እንደሌለ የነገረችን ሠርተፊኬት ስትሰጠን ነው።

ወረቀቱን ለማግኘት ደግሞ ሌላ ጦርነት ነበር። ሊቀመንበሩ መስተዋት አስገብቶ ቢሮው ግድግዳ ላይ ሰቅሎታል፤ የሚታየው የመጀመሪያው ገጽ ብቻ ነው። ድሬሰሯ «ለትምህርት ማስተማሪያ» ብላ በደብዳቤ ተዋሰችልኝ። ክሊኒኩ በረንዳ ላይ ከቁስለኛ ጋር ተቀምጬ ጣቴን እያስከተልሁ አነበብሁ። ሁለት ሳምንት ፈጀብኝ። ቁጥሩን ዘለልሁት፤ ቃሉን ግን አንድም አላለፍሁም። «ስክሩ ቆሟል እንበል» ይላል። «ጥምዝምዙ ተፈቷል እንበል» ይላል። «ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው እንበል» ይላል። እነዚህን ሁሉ ያኔ ሰምቻቸዋለሁ። አራተኛው ገጽ ላይ ግን ያልሰማሁት መጣ።

«ቅላጩ የሲሊንደሩን ግድግዳ ነክቶ ተጣብቆ ይይዛል እንጂ አይንሸራተትም እንበል።»

ደግሜ አነበብሁት። ከሥሩ ልጁ አስረድቶታል፤ ፕላስቲኩ ወደ ፊት የሚሄደው ግድግዳውን ስለሚይዝ ነው፤ ግድግዳውን ካልያዘ ከስክሩ ጋር አብሮ ይዞራል እንጂ አይራመድም።

«ምነው?» አለች ድሬሰሯ። «ፊትዎ ተለወጠ።»

«ግድግዳውን የሚያንሸራትት ነገር ቢኖርስ?» አልኋት።

«እንደ ምን ያለ?»

ወረቀቱን ጉልበቴ ላይ አስቀመጥሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንቲም የሚያህል ጥፋት የለብኝም ስል፣ ሊቀመንበሩን ስረግም፣ ኢንጂነሩን ስረግም፣ አሥራ ሰባቱን ሜትር ያስቀረሁት እኔው ነኝ። በጣሳ። ጠዋት አንድ፣ ምሳ ግማሽ። ጀሪካኑ ሲሊንደሩ ውስጥ ከስክሩ ጋር ሲዞር ነበር የሚውለው፣ እንደ እኔና እንደ ግመሏ።

ሦስት ቀን ዝም አልሁ። ብናገር ሌባ አይደለሁም፤ ግን ማሽኑን ዘይት ሲያጠጣ የኖረ ጅል እባላለሁ። ዝም ብል ሌባ ሆኜ እሞታለሁ። ለሚስቴ ነገርኋት።

«ጅል መሆንህንማ አገር ያውቀዋል» አለች፤ ሽሮዋን ማማሰሏን እንኳ አላቆመችም። «ተናገር። የምታጣው ነገር የለም።»

በ1975 ኅዳር መጀመሪያ፣ በስብሰባው ላይ እጄን አወጣሁ። ከኪሴ አንድ ረጅም ብሎንና አንድ ዳዶ አወጣሁ። ዳዶዋ ትንሽ ዝገት ስለያዛት በቀላሉ አትዞርም።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ዳዶዋን በሁለት ጣትዎ ይያዙልኝ።»

ያዘ። እኔ ብሎኑን ሳዞር ዳዶዋ በብሎኑ ላይ ተራመደች።

«ብሎኑ ስክሩ ነው። ዳዶዋ ጀሪካኑ ናት። የእርስዎ ጣት ሲሊንደሩ ነው። ስለያዟት ሄደች።»

«እና?»

ከጠርሙስ የሰሊጥ ዘይት ጣቱ ላይ አፈሰስሁበት። እጅጌውም አልቀረለት።

«ምን ታደርጋለህ አንተ!»

«ይያዟት።»

ብሎኑን አዞርሁ። ዳዶዋ ጣቱ መሀል እየተንሸራተተች ከብሎኑ ጋር ዞረች፤ አንድ ጥርስ አልተራመደችም። ሊቀመንበሩ አጥብቆ ያዘ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ ላብ አላበው። ዳዶዋ ዞረች።

«እኔ ማሽኑን በየቀኑ ዘይት አጠጣው ነበር» አልሁ። «አማችዎም እኔ ነግሬው ያጠጣዋል። ቱቦው አልተሰረቀም። እዚያው ውስጥ ሲዞር ነው የኖረ።»

 ያ «ወገቡ ላይ ጠምጥሞ» ያለው የኮሚቴ አባል ተነሣና፦

«አንተ ሰውዬ፣ ሁለት ዓመት ጣዕሚያ ስትጠብስልን ነበር ማለት ነው?» አለ።

ሳቁ እንደዚያን ጊዜው ነው። የተሳቀብኝ በሠራሁት ነገር ስለሆነ ግን ብዙም አልከበደኝም።

ይሞከር ተባለ። ሲሊንደሩን ፈትቼ በአመድና በሳሙና አጠብሁት። ሦስት ቀን ያለ ዘይት አሠራነው፤ የተረፈው ዘይት እየተቃጠለ ወጣ። ቅዳሜ ዕለት በሙሉ ኮሚቴው ፊት ተለካ። ሠላሳ ስምንት ሜትር። ከወርክሾፑ በር ወጥቶ መንገዱን ተሻግሮ የጎረቤት ፍየል ላይ ደረሰ።

ሊቀመንበሩ ሜትሩን ሁለት ጊዜ አየ።

«ሳይንስ አርባ ሁለት ነው ያለው። አራቱስ ሜትር?»

«አራቷን እንበል ወስዷታል» አልሁት።

«እንበል ማነው?»

«ወረቀቱን ያንብቡት። ሙቀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ነው እንበል ይላል። የእኛ ማሽን ጉሮሮው በረዶ ነው፣ አፉ እሳት ነው።»

እንዳላነበበው ፊቱ ላይ አየሁት። በማግሥቱ እሑድ ቃለ ጉባኤው ተጻፈ። ጸሐፊው እንደ ልማዱ የአውራ ጣት ማስነኪያውን ቀለም ወደ እኔ ገፋው። እኔ ግን ወረቀቱን ሳብሁና አነበብሁ። «ሌብነቱ ይቅር ተብሎለታል» ይላል።

«ይቅርታ የሚደረገው ለሰረቀ ነው። ቀይረው» አልሁት።

ተነጫንጮ ቀየረው። «ቱቦው ባለመገኘቱ በነፃ ተለቋል» አለ።

«ቢገኝስ ኖሮ?»

«ኧረ በፈጠረህ!» አለ ሊቀመንበሩ። «ምን እንዲባል ነው የምትፈልግ?»

«የሆነው።»

«የሆነውማ ማሽኑን ዘይት ማጠጣትህ ነው!»

«ይጻፍ። እሱንም ይጻፍ። አልከለከልሁም።»

ጸሐፊው ሦስተኛ ወረቀት አወጣ። ሊቀመንበሩ ቃሉን እየጠራ፣ እኔ ከጸሐፊው ትከሻ በላይ እያነበብሁ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ እስከ ምሳ ሰዓት ቆየን። በመጨረሻ እንዲህ ተባለ፤ «የተጠቀሰው ሦስት መቶ አርባ ሜትር ቱቦ በሠራተኛው የዘይት ጥፋት ምክንያት አልተሠራም፤ ያልተሠራ በመሆኑም አልተሰረቀም።» ፈረምሁ። ወደ ማሽኑ መለሱኝ፤ ዘይት ይዞ ወርክሾፕ መግባት ግን በጽሑፍ ተከለከልሁ። አሁንም ሌባ ያሉኝን አልማራቸውም።

ቃለ ጉባኤው የተፈረመበት ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 1975 ዓ.ም.